አሥር ነው ያልኩት አፈሙዝ

እሑድ፣ ማርች 1994። ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ስትሪትሃም፣ ለንደን
ጠመንጃዬን እየወለወልኩ ነው የምጽፍልሽ፣ ማስታወሻዬ። ጣቴ ዘይት ነው፣ ገጽሽ ቢቆሽሽ ይቅርታ። አንድ ነገር ላንቺ ብቻ፦ በመጽሔት ስለ ሰው ትዳር ሳይቀር ምክር የምሰጥ ሴትዮ፣ ዛሬ ዒላማዬን ጠቅልዬ ካፖርቴ ውስጥ ደብቄ ከተኩስ ሜዳ ወጣሁ። አረሮቹ ወረቀቱን በአፍንጫቸው ሳይሆን በጎናቸው ነው የመቱት። ቀዳዳው ሁሉ የቁልፍ ቀዳዳ መስሏል። ግማሾቹ ጭራሽ የሉም።

ጥይቶቹን በእጃቸው የሞሉልኝ ጋሽ ተፈራ ናቸው (ከእንግዲህ ጋ.ተ.)፣ ክለቡ ውስጥ ካለነው ሐበሾች አንጋፋው። ከባድ አረር ነው የሰጡኝ፣ ነፋስ አይገፋውም ብለው። አጠገቤ ሆነው በሩቅ ማያው መነጽር ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። እሱ ነው የጨነቀኝ።

ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት
ጠመንጃ ሠሪው ዘንድ ነበርኩ። አፈሙዜ አርጅቷል፣ አዲስ አዝዣለሁ። ውስጡ የሚቀረጸው ጥምዝ፣ አረሩን የሚያሽከረክረው፣ በስንት ኢንች አንዴ ይዙር አለኝ። እስከ ዓርብ ካልነገርኩት ተራዬን ለሌላ ይሰጣል። የአሁኑስ ስንት ነው አልኩት። ጨርቅ የተጠቀለለበት ዘንግ አስገብቶ ገፋ፤ ዘንጉ እየዞረ ገባ። አንድ ዙር ሲሞላ ለካው። አሥራ አራት ኢንች።

ክው አልኩ። ጋ.ተ. ጥይቱን ከመሙላታቸው በፊት ጥምዙ ስንት እንደሆነ ጠይቀውኝ ነበር። አሥር ነው አልኳቸው። ቼክ አላደረግኩም። ክለብ ውስጥ ሰው አሥር ሲል ሰምቻለሁ፤ አላውቅም ማለት ደግሞ ከበደኝ።

ሠሪው አስረዳኝ። ከባድ አረር ረጅም ነው። ቀጥ ብሎ እንዲበር ቶሎ ቶሎ መሽከርከር አለበት፣ በአሥር ኢንች አንዴ። የኔ በአሥራ አራት አንዴ ነው የሚያዞረው። ለቀላል አረር ይሆናል፤ ከባዱ ግን ይንገዳገዳል፣ ይገለበጣል።

ረቡዕ
እትዬ ዘነበች፣ የጋ.ተ. ባለቤት፣ ከስቶክዌል ደወሉ። የሰሞኑን ሰርግ አንስተን የሙሽራዋን ቬሎ እስክናማ ድረስ ደህና ነበርን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጋ.ተ. ከእሑድ ጀምሮ የባሩድ ሚዛናቸውን እየፈቱ ይገጥማሉ። እጄ ከዳኝ፣ ሰው ሳልጎዳ ልተው ብለዋል። ቅዳሜ የጥይት መሙያቸውን ለክለቡ ሊሰጡ ነው።

ስልኩን እንደዘጋሁ ክፉ ሐሳብ መጣልኝ። አዲሱን አሥር ባስደርገውስ? የሳቸው ጥይት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ጥፋቱ በአሮጌው አፈሙዝ ይላከካል፣ ውሸቴ ተቀበረ። ግን አፈሙዙ እስኪደርስ ወራት ነው፤ እሳቸው ቅዳሜ ያቆማሉ። ደግሞ ውድድር ላይ ለሁላችን የሚታደለው ቀላል አረር ነው። ለሱ አሥራ ሦስት ይሻላል ብሏል ሠሪው። ይሉኝታዬን ብረት ላይ ላስቀርጽ ነው እንዴ?

ዓርብ፣ ጠዋት 3 ሰዓት
ደወልኩ። እትዬ ዘነበች አገናኙኝ። ሰላምታውን አስረዘምኩት። ጤና፣ ልጆች፣ ብርዱ። በመጨረሻ አፈረጥኩት፦ አሥር ያልኩዎት ሳላውቅ ነው፣ አሥራ አራት ነው።

ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እና እጄ ደህና ነው?»

«ደህና ነው ጋሼ። ያጠፋው አፌ ነው።»

ሲተነፍሱ ሰማሁ። ከዚያ ተቆጡ፣ እንዴት ደስ የሚል ቁጣ። «ለሰው ሁሉ ከመምከርሽ በፊት መጀመሪያ ዘንግ ክተቺበት!» አዲሱስ ስንት ይሁን አልኳቸው። ውድድሩ በቀላል ከሆነ ምን ያጠያይቃል፣ አሥራ ሦስት፤ ከባዱን እኔው እተኩሰዋለሁ አሉ።

ለሠሪው ነገርኩት። አሥራ ሦስት። አበቃ።

መሙያውንም አይሰጡም። ዛሬ ለአሮጌው አፈሙዝ የሚሆን ቀላል አረር ይሞሉልኛል፣ ነገ እንተኩሳለን። ብቻ እትዬ ዘነበች ቆይተው መልሰው ደወሉ። በሹክሹክታ። ጠዋት ጋ.ተ. የሻይ ብርጭቆ ሲያነሱ እጃቸው እውነትም ተንቀጥቅጧል አሉኝ።

ነገ ቀዳዳው ክብ ሆነም አልሆነ፣ ወረቀቱን ሳልደብቅ ይዤልሽ እመጣለሁ።