በመስኮቴ የተኮፈሱ አምስት ጳጳሳት

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 23

የመላጫ መስተዋቴ ከመስኮቱ ተባረረ። አሁን ያለው ከበሩ ጀርባ፣ ብርሃን የሚባል ነገር በማይደርስበት ምስማር ላይ ነው። ዛሬ አገጬን ሁለት ቦታ ቆረጥኩት። በገዛ ቤቴ፣ ኪራዩን በምከፍልበት መስኮት ላይ፣ አምስት ቀይ አበቦች በወርቃማ ወረቀት ተጠቅልለው፣ ወገባቸውን በአረንጓዴ ሪባን ታስረው ተኮፍሰዋል። ማታ ማታ ደግሞ ንፋስ እንዲያገኙ በረንዳ ላይ ያድራሉ። ለእኔ እንዲህ የተጨነቀልኝ ሰው የለም።

ማዳም በግሪክኛ አሌክሳንድሪኖ ትላቸዋለች። ከእስክንድርያ ከሆኑማ ጳጳሳት ናቸው ብዬ ስም አወጣሁላቸው። ጎረቤቴ ባሻ ዘለቀ ሰምተው ከዘራቸውን አነሡብኝ፤ በጾም እንዲህ ያለ ቀልድ አይቀለድም አሉ። እሺ፣ ዲያቆናት ይሁኑ አልኳቸው። ይባስ ተቆጡ።

ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ማዳም እኔ አሳላፊ ሆኜ የምሠራበት ሆቴል ባለቤት ናት። የፈረንጆቹ ገና እንዳለፈ ጅቡቲ፣ እህቷ ዘንድ ሄደች። የሆቴሉ ሳሎን ቀለም እየተቀባ ስለሆነ አበቦቹን ለወንድሜ ልጅ ለወይንሸት አስረከበቻት። ጥር አራት ስመለስ አምስቱንም እንዲሁ እንደ ቀሉ ካገኘኋቸው የፎቁን ክፍሎች ቁልፍ እሰጥሻለሁ፣ ሥራ ትጀምሪያለሽ አለቻት። ሪባኑን እንዳትፈቺ፣ ወረቀቱን እንዳትቀጂ ብላም አስጠነቀቀቻት።

ወንድሜ ደግሞ አሰበ ተፈሪ ሆኖ ይጠብቃል። ሥራ ከያዘች ድሬዳዋ ትቀመጥ፤ ካልያዘች ለጥምቀት መጥቼ እወስዳታለሁ፣ የሚያገባት ሰው ተገኝቷል ብሏል። ሰውየውን አውቀዋለሁ። በዕድሜ ይበልጠኛል። የማንሰው በዕድሜ ብቻ ነው፤ በጥርስ እኔ እበልጠዋለሁ።

ዛሬ ከአንደኛው ጳጳስ ሥር ቢጫ ቅጠል ረገፈ። ወይንሸት ለቀም አድርጋ ኪሷ ከተተችው። እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 24

ዛሬ በእፍኝ ረገፈ። አረንጓዴዎቹ መጀመሪያ ይገረጣሉ፣ ከዚያ ይወድቃሉ። ቀዮቹ ደግሞ እንደ ራሰ ጨርቅ ተንጠልጥለዋል።

ጠምቷቸው ነው አልኩ። በዚህ ንፋስ ሰው እንኳ ይደርቃል። ወይንሸት ግን አፈሩን ዳሰሰችና እርጥብ ነው አለችኝ። እኔም ጣቴን ሰደድኩ። እውነትም እርጥብ ነው። ካጠጣኋቸው ሰንብቷል ትላለች። ታዲያ ውሃው ከየት መጣ?

ተጠርጣሪዎች፦

የባሻ ፍየል። ጠባይዋ መጥፎ ነው። ነገር ግን ታስራለች፤ ደግሞም የምትበላ እንጂ የምታጠጣ ፍየል አላየሁም።

የከሰል ጭስ። ማእድ ቤቱ በዚያኛው በኩል ነው፤ አይደርስም።

ዓይን። ይህ የእኔ አይደለም፣ የአዴ ፋጡማ ነው። አዴ ፋጡማ ከጎናችን ባለው ክፍል ትኖራለች፤ ቀፊራ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ማታ መጥታ አበቦቹን ትክ ብላ አየችና፣ አቦ ይሄ ዓይን ነው፣ እንዲህ የሚያምር ነገር መንገድ ዳር አይቀመጥም አለችኝ። ጥቁር ክር አምጥታ በየሪባኑ አሰረች። ከእንግዲህ ጳጳሳቱ ማተብ አላቸው ብዬ ላስቃት ሞከርኩ። ወይንሸት አልሳቀችም። እራቷንም አልበላችም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 25

ክፉ ቀን።

ትናንት ጠብታ ውሃ እንዳይነካቸው አዝዤ ነበር። ዛሬ ጠዋት አፈሩ ጭቃ ነው። በፍርሃት ተደብቃ ታጠጣለች ብዬ ወይንሸትን ጮኽኩባት። አላጠጣሁም አለች። ታዲያ መልአክ ወርዶ ነው ወይ አልኳት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ግቢው ሁሉ ሰምቷል።

ቅጠል የምትጠርግበትን መጥረጊያ አስቀመጠች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«ጋሼ፣ አንተ ሲጨንቅህ ትቀልዳለህ፣ ቀልዱ ሲያልቅብህ ትጮሃለህ። ከዚያ ሽማግሌ ጋር የምሄደው ግን እኔ ነኝ።»

መጥረጊያውን አንሥቼ የቀረውን ቅጠል እኔ ጠረግሁ። 

ከሰዓት በኋላ ሆቴል ሄጄ ለቀለም ቀቢዎቹ ሻይ ሳቀርብ ሁለት ጊዜ ስኳር ረሳሁ። ስመለስ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከምድጃው አመድ ሰብስቤ በወንፊት ነፋሁና በረንዳው ላይ፣ አበቦቹ ዙሪያ፣ እንደ ዱቄት በተንኩት። ሌባው ማንም ይሁን ማን እግር አለው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 26

ሌባው ስድስት እግር አለው።

አንደኛ፦ ሸበጥ፣ ተረከዙ በአንድ ወገን ያለቀ። የአዴ ፋጡማ ነው።

ሁለተኛ፦ ወታደር ጫማ፣ ከጎኑ ክብ የከዘራ ነጥብ። ባሻ ዘለቀ።

ሦስተኛ፦ ሰፊ ባዶ እግር፣ አውራ ጣቱ ወደ ውጭ የዞረ። ይህን እግር የት ነው የማውቀው ብዬ ቆሜ አሰብኩ። ወደ ታች አየሁ። የራሴ ነው። ጎህ ሲቀድ በረንዳ ወጥቼ ውሃ እጠጣለሁ፤ ከብርጭቆው የተረፈውን ደግሞ ደጅ ከመድፋት ብዬ ለመካከለኛው አበባ እሰጠዋለሁ። ይህን ማጠጣት ብዬ ቆጥሬው አላውቅም።

ፍርድ ቤት በረንዳው ላይ ተሰየመ። አዴ ፋጡማ ምንም አልካደችም። ከሱብሂ፣ ከንጋት ስግደት በፊት ከምትታጠብበት ውሃ ሁልጊዜ ይተርፋታል።

«አንገታቸውን ደፍተው እያየሁ መሬት ላይ ልድፋው እንዴ? ወላሂ፣ ውሃ ማጠጣት እኮ ሰደቃ ነው።»

ባሻ ዘለቀ ተረጋግተው ነው የመጡት። እሳቸው ውሃ አላጠጡም። ከኪዳን ሲመለሱ በጠርሙስ ጸበል ይዘው ይመጣሉ፤ ለእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ረጭተዋል። አንተ በጳጳስ ስም ስለምትቀልድባቸው ነው የታመሙት አሉኝ። ጸበልም ቢሆን ውሃ ነው አልኳቸው። «ጸበል ከውሃ ጋር አይቆጠርም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ሦስት ሰው በየጠዋቱ ለጽድቅ ያጠጣል፤ እያንዳንዱም ብቻውን የሆነ ይመስለዋል። የታመሙት በደግነት ነው።

ወይንሸት አልሰማችንም። አንዱን አበባ ከነማሰሮው አነሣችና ወዘወዘችው። ውስጡ ተንቦጫረቀ። ሸክላው ሥሩ ቀዳዳ አለው፤ ወርቃማው ወረቀት ግን ዙሪያውን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ አንዲት ጠብታ አላስወጣም። በጠርዙ አሸተትኩት። ከፍተው ፀሐይ ላይ የረሱት የሰርዲን ቆርቆሮ ይሸታል።

ማዳም ሪባኑን አትፍቱ ብላለች። ሁላችንም ወይንሸትን አየናት። ብትፈታው ትእዛዝ አፈረሰች፤ ባትፈታው ይበሰብሳሉ። አንድ ነገር ልል አፌን ከፈትኩ፤ በእጇ አስቆመችኝ። ከዚያ ቋጠሮውን በጥርሷ ይዛ ሳበችው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 27

ሥሮቻቸው ጠቁረዋል። ሁለቱ ሲነኩ እንደ በሰለ ሽንኩርት ይላጣሉ። እነዚህ አይተርፉም። ሦስቱ ውስጥ ነጭ ሥር አለ፤ ትንሽ፣ ግን ነጭ።

ከማሰሮው አውጥተን በረንዳው ጥላ ላይ ጋዜጣ ዘርግተን አስተኛናቸው። ባሻ መጥተው የጃንሆይ ሥዕል ያለበትን ገጽ ከሥራቸው አወጡ፤ ያ ገጽ ሳይነሣ አልፈቀዱም። አዴ ፋጡማ ከደቻቱ ወንዝ በጆንያ አሸዋ ተሸክማ መጣች። ላጠጣሁት ቅጣቴ ነው አለች። ወንዙ በዚህ ወር ከአሸዋ በቀር ምንም የለው። ወይንሸት አሸዋውን ከአፈር ጋር እየቀላቀለች ትነፋለች። የበሰበሰውን በካራ ትቆርጣለች፤ ከግንዱ ነጭ ወተት ይወጣል። ዓይንሽን እንዳትነኪ፣ እንደ ቁልቋል ነው አልኳት። አውቃለሁ አለች። እንደ ሐሙስ አልተቆጣችም።

እኔ ዝም ብዬ መቀመጥ አልሆነልኝም። ወደ ከዚራ ሰፈር ወረድኩ። እዚያ ካሉት ቪላዎች በአንዱ አጥር ላይ ይህ አበባ ዛፍ አክሎ በቅሏል፤ ቀይ ለብሶ መንገድ ላይ ተንጋሏል። ዘበኛው ወደ ውስጥ ሲገባ ሁለት ቅርንጫፍ ቆርጬ ጃንጥላዬ ውስጥ ደበቅኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፦ በሞቱት ማሰሮ ውስጥ ይተከላሉ፣ በሽቦ ይታሰራሉ፣ ሪባኑ ይመለሳል፣ ማዳም ቆጥራ አምስት ታገኛለች። ከሳምንት በኋላ ቢደርቁ ቁልፉ እጃችን ገብቷል።

ወይንሸት ጃንጥላውን ስከፍት አይታ ሣቅ አለች፤ ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ተሳካ አልኩ በልቤ። ከዚያ ቅርንጫፎቹን ተቀብላ ለባሻ ፍየል ልትሰጥ ሄደች፤ ባሻ መርዝ ነው ብለው ነጠቋት።

«ቁልፍ ልቀበል የምሄድበት ቤት፣ ጋሼ፣ ሰርቄ አልገባም» አለችኝ።

ጃንጥላዬ በቅርንጫፎቹ ወተት ሙጫ ሆኖ ተጣብቆ ቀርቷል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 28

ነገ ገና ነው። ባሻ ለማኅሌቱ ነጭ ልብሳቸውን አሳጥበዋል። ግቢው ጭቃ፣ አሸዋና ጋዜጣ ነው። ወርቃማዎቹ ወረቀቶች ታጥበው ግድግዳ ተደግፈዋል፤ አረንጓዴዎቹ ሪባኖች ከሸሚዞቼ ጎን ገመድ ላይ ተሰጥተዋል።

ሂሳቡ ይህ ነው፦ ሁለት ሞቱ። አንዱ ቅጠል አልቀረውም፣ ግንዱ ግን ሲጭሩት አረንጓዴ ነው። ሌላው ግማሽ ቅጠሉን ይዟል። ሦስተኛው ብቻ ጫፉ ላይ ቀዩን አልጣለም። ዛሬ ወደ ማሰሯቸው ይመለሳሉ። ማዳም እስክትመጣ ሳምንት ያህል አለን። በሳምንት ውስጥ አንድ ቡቃያ ቢያወጡ፣ ብዬ በረንዳው ላይ እየጻፍኩ

የግቢው በር ሲንኳኳ ተቋረጥኩ። ከሰል ሻጩ መስሎኝ ግባ አልኩ።

ማዳም ናት። ከኋላዋ የጋሪ ነጂው ሻንጣዋን ተሸክሟል። ከእህቷ ጋር አልተስማሙም መሰለኝ፤ አልጠየቅሁም። ጭቃውን አየች። ጋዜጣውን አየች። ገመዱ ላይ ሪባኖቿን አየች።

ውሸቱን አዘጋጅቻለሁ፤ ጥሩም ነበር። ሁለቱን ለገና በዓል ለቤተ ክርስቲያን አበደርናቸው ልል ነው። «ማዳም፣ እንኳን ደህና መጡ፣ ሁለቱ» ከማለቴ ወይንሸት ተነሥታ ከፊቴ ቆመች። እስከ ክርኗ ጭቃ ናት።

«ውሃ በዛባቸው» አለቻት። «ሪባኑን የፈታሁት እኔ ነኝ። ሁለቱ ሞተዋል። ሦስቱን እያተረፍኩ ነው፤ ካቆምኩ ግን ይደርቃሉ።»

ይህን ብላ መልስ ሳትጠብቅ ተመልሳ ቁጢጥ አለች። አዴ ፋጡማ ከበሯ ላይ፣ ባሻ ከበራቸው ላይ ቆመዋል።  ማዳም ጫማዋን አውልቃ ሻንጣው ላይ አስቀመጠችና በጭቃው ላይ ተራመደች። እኔ ወደ ክፍሌ ሸሸሁ፤ ይህን የምጽፈው በመስኮቱ እያየሁ ነው።

አሁን ከጎኗ ተቀምጣለች። እጇን ዘርግታ ካራውን ስጪኝ አለች።

«እኔ እቆርጣለሁ» አለች ወይንሸት። «እርስዎ ግንዱን ይያዙልኝ።»

ማዳም እጅጌዋን ሰበሰበች። ከዚያ ያዘችላት።