ባዶ መኪና ይዘላል

አሰላሙ ዐለይኩም አባዬ።

ከሄድክ ሁለተኛው ክረምት ገባ። መቃብርህ አጠገብ የተከልናትን ጽድ የጎረቤት በግ ጫፏን ቀርጥፎባት ነበር። ባለቤቱን ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፍም፤ አንተ ያለህበት ቦታ ስድብ አይገባም። ጽዷ ግን መልሳ አቆጥቁጣለች። እማም ደህና ናት፣ ጉልበቷን ብቻ ብርዱ ይነካታል። መንገዱ ዛሬም አስፋልት ሊሆን ነው ይባላል። አንተ በነበርክ ጊዜም ሊሆን ነበር።

የምጽፍልህ ግን ስለ ቦራ ነው። የጭነት መኪና ገዝተህ በፈረስ ስም የጠራህ አንተ ብቻ ነህ። ግንባሯ ላይ ነጭ ቀለም አለ ብለህ ቦራ አልካት፣ አገሩም መኪናነቷን ረስቶ "ቦራ መጣች" ማለት ለመደ።

ደጋው ጉጉፍቱ ላይ ጉም ሲወርድ መብራቷ ቢጫ እየሆነ እንዴት ያስቸግርህ እንደነበር ታስታውሳለህ? አንገትህን በመስኮት አውጥተህ ትነዳ ነበር። ይሄን ለእህቴ ለዘይነብ በስልክ እየሳቅክ ነገርካት። እሷ ግን አልሳቀችም። ጅዳ ሆና ኤል ኢ ዲ የሚሉትን ነጭ አምፖል ገዛች፣ ወደ አገር ከምትመለስ ልጅ ጋር ላከችልህ። አምፖሉ ሲደርስ አንተ የለህም። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው እንኳ ገና አልቆመም ነበር።

እማ የቀጠረችው ሾፌር እንድሪስ ገጠመው። እንድሪስ ሰውነቱ ሸጋ ነው፣ ክፉ አይወጣውም፤ መሪ ሲይዝ ግን ሙሉ ቅል ወተት የተሸከመ ይመስላል። አምፖሉ በራ። ግቢው ቀን ሆነ። ሞተሩ ሲነሳ ግን መብራቱ እንደታመመ ሰው ዓይን ይርገበገብ ጀመር። ከመሪው ፊት ያለችው ቢጫ ምልክት ደግሞ በርታ "አምፖል ተቃጥሏል" ትላለች። አምፖሉ እያየነው ይበራል፣ ቦራ ግን የለም ብላ ድርቅ።

እማ በሩ ላይ ቆማ አየች። ሻርቧን አፏ ላይ አድርጋ "አልተቀበለውም" አለች። ማን እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ዘይነብ አሠሪዎቿ አንለቅም ብለዋት ለቀብርህ አልደረሰችምና፣ እማ አንተ ቅር ብሎህ ስጦታዋን የመለስክባት መሰላት። ይህን ያለችው አንዴ ነው። አንዴ ግን በቂ ነው፤ የኛ ሰፈር ወሬ ፓስፖርት አይጠይቅም፣ ጅዳ ገባ። ዘይነብ ደውላ "አባዬ ተቀይሞኝ ነው?" አለችኝ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ፣ ሃሎ" እላለሁ፣ ለካስ እያለቀሰች ነው።

አጎቴ ሐሰን ደግሞ ከአንድ ለአምስት ስብሰባ ሲመለስ ሁሌም አንድ ነገር መወሰን ያምረዋል። "ጌታዋን ያጣች መኪና ናት፣ አትለምድም፣ ትሸጥ" ብሎ ደሴ ገዢ አገኘ። ሰውየው በሳምንቱ ሊያያት ሊመጣ ሆነ። እኔ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ቦራ በዚህ መብራት ሰበብ ከተሸጠች ዘይነብ ዕድሜዋን ሙሉ መኪናህን ከቤት ያስወጣሁት እኔ ነኝ እያለች ትኖራለች።

እንድሪስ መፍትሔ አገኘሁ ብሎ ጠራኝ። ብሄድ ምልክቷ ላይ የቁስል ፕላስተር ለጥፎባታል። "ይኸው ጠፋች" አለኝ። "ሆድህን ሲያምህ አፍህ ላይ ነው የምትለጥፈው?" አልኩት። "አባትሽ ቤንዚን ያለሽ ወዶ አይደለም" አለኝ። እውነቱን ነው። ቦራ በናፍጣ ነው የምትሄደው፣ ይቺ ልጅ ግን በቤንዚን ናት ትል ነበር። ያች የክፍላችን የቡድን መሪ ሳልቀር ቀሪ ብላ ጽፋኝ፣ ወረቀቱን በፊቷ ቀድጄ ከአሥረኛ ክፍል የወጣሁ ቀን ሌላ አባት ቢሆን ቀበቶውን ይፈታ ነበር። አንተ አሮጌ ቱታህን ወረወርክልኝ። "የተጣላሽው ከትምህርት ቤት ነው፣ ከትምህርት እንዳትጣዪ" አልከኝ። ቱታው ሁለቴ ይጠቀልለኝ ነበር። አሁን ልኬ ሆኗል።

ያንን ቱታ ለበስኩና መጀመሪያ ማሳውን አየሁ። ማሳ ብዬ ስጽፍ ራሱ ሳቄ ይመጣል። ወደ ማሻ ስንሄድ መብራት ጠፍቶብህ፣ ኮፈኑን ከፍተህ "ማሳው ተበልቷል" ብለህ ጮህክልኝ። ከላይ የተሳፈሩት አባ ይመር ዱላቸውን ይዘው እንደ ጎረምሳ ዘለው ወረዱ፤ "የማን ከብት ነው? የኔን ነው የበላው?" እያሉ። አንተ ያልከው ከመብራቱ ወጥቶ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረውን ሽቦ ነው፣ የበላውም ዝገት ነው። እኔ ሳቄ አፍኖኝ ጎማው ጀርባ ተደበቅሁ። አንተ ግን አልሳቅክባቸውም። መሬት ቁጭ ብለህ ሽቦውን አሳየሃቸው። "የርስዎ ማሳ እህል ያበቅላል፣ የኔው መብራት ያበቅላል። ሁለቱም ካልጠበቁት ይበላል" አልካቸው። ከዚያ ወዲያ አባ ይመር በመንገድ ሲያገኙህ ከሰላምታ በፊት "ማሳው ደህና ነው?" ይሉህ ነበር። ለቅሶህ ላይም መጥተው ሲቀመጡ እኔን ነው ያዩኝ። "ማሳው ደህና ነው?" አሉኝ። ውኃ ላምጣልዎ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ሽቦውን ፈትቼ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አጥብቄ አሰርኩት። መርገብገቡ ቀነሰ እንጂ አልተወም፣ ቢጫዋም ፍንክች አላለችም። ተናድጄ ጎማውን በእርግጫ አልኩት። ጎማው ምንም አልሆነም፣ እኔ አነከስኩ።

እግሬን እያሸሁ ደጅ ተቀምጬ እንድሪስ ጤፍ አራግፎ ሲመለስ ሰማሁ። ሰማሁ ነው የምልህ፤ ቦራ ገና ከገበያው በኩል ስትመጣ የጭነት ማቀፊያው ስፖንዳዋ እየተንኳኳ፣ በየጉድጓዱ እየነጠረች ነው። ባዶዋን ናት። አንተ ባዶዋን ነድተሃት አታውቅም። ጭነት ያጣህ ቀን ድንጋይም ቢሆን ትጭንባት ነበር፣ ሰው ሲስቅ "ባዶ መኪና ይዘላል" ትላለህ።

ብድግ አልኩ። ዘይነብ አምፖሉን ስትልክ "ባትሪ አይጨርስም፣ የሚጠጣው ትንሽ ነው" ብላኝ ነበር። ቦራ የለመደችው የድሮውን ጠጪ አምፖል ነዋ። መስመሩ ሲቀልባት አምፖሉ የለም ብላ ታሳብቃለች፣ አለ ወይ ብላ ደግማ ደግማ ስትፈትሸው ደግሞ ይርገበገባል። ጂንም አይደለም፣ ቅሬታም አይደለም። መብራቱ ባዶውን ነው የሚዘለው።

የዱቄት ወተት ቆርቆሮህን ከፈትኩ። ደህና አምፖል አትጥልም ነበርና የድሮ የፍሬቻ አምፖሎችህ በጨርቅ ተጠቅልለው አሉ። በግራም በቀኝም፣ ከአዲሱ አምፖል ጎን በዚያው መስመር ላይ አንድ አንድ ቀጠልኩ፣ ሸክም እንዲሆነው። መጀመሪያ ያሰርኩት ፕላስቲኩ አጠገብ ስለነበር መቅለጥ ሲጀምር ሸተተኝ። አሮጌ አምፖል ሥራው መሞቅ ነው። አነሳሁትና ከኋላው ባለው ብረት ላይ፣ በቆርቆሮ ከልዬ አሰርኩት።

ከሰዓት ነበር፣ ጉሙ ከተማውን ውጦታል። እንድሪስ ሞተሩን አስነሳ። መብራቱ ወጣ፣ ቆመ። ዓይኑን እንኳ አልጨፈነም። ገብቼ ፕላስተሩን ላጥኩት። ከሥሩ ቢጫዋ የለችም።

እማ ወጣች። መብራቱን አየችው። ከዚያ "ደውይላት" አለችኝ፣ ስልኩንም ከእጄ ነጠቀችኝ። "ዘይነብ፣ ተቀብሎታል" አለቻት። አጎቴ ለገዢው ምን ብሎ እንደመለሰው አልነገረንም። ስብሰባ ላይ የወሰኑት ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ከእንድሪስ ጋር ረዳት ሆኜ እወጣለሁ። ሴት ረዳት ብሎ የሚስቅ አይጠፋም፤ መብራቱ ሲጠፋበት ግን ፈልጎኝ ይመጣል። ሰው የሚያየው የዘይነብን ነጭ መብራት ነው፣ ያምርባታልም። ከኋላው የአንተ አሮጌ አምፖል በርቶ እንደሚሄድ የማውቀው እኔ ነኝ። ጉጉፍቱ ላይ ስንቆም ወርጄ እጄን ወደ ቆርቆሮው አስጠጋለሁ። ይሞቃል።

በቀደም ወደ ማሻ ስንወርድ አባ ይመር መንገድ ዳር ነበሩ። ዱላቸውን አንስተው አስቆሙን፣ ያንኑ ጠየቁኝ። አሁን መልስ አለኝ።

አላህ ይዘንልህ አባዬ። ቱታህ አካሌ ላይ እስካለ፣ ቦራም እስከሄደች ድረስ አንተን መርሳት የለም። ባዶዬን አልሄድም። ማሳውም ደህና ነው፣ አልተበላም።

ቤንዚንህ