ሀሪን የደፋችው የልደት ሾርባ

ዶንጁ ወንድሜ፣

በካልሲ ወደ ወጥ ቤት እንዳትገባ! ወለሉ በባሕር አረም ሾርባ ታጥቧል። አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ስለሆነ አልወለወልኩትም። የተረፈው ድስቱ ውስጥ አለልህ፤ ሩዙም ትኩስ ነው።

የደፋችው ልጅህ ሀሪን ናት። ደስ ይበልህ!

ለልደቷ፣ እናቷ በየዓመቱ ታደርግላት እንደነበረው ሾርባውን ሠርቼ አቀረብኩላት። አንዴ ቀመሰችና «ይሄ የእማዬ አይደለም! ያንቺ ሾርባ ያስጠላል፣ አክስቴ!» ብላ ሳህኑን ወረወረችው። ከዚያ አለቀሰች። አለቀሰች እኮ ነው የምልህ! እናቷ ከሞተች ወዲህ «እሺ» እና «አመሰግናለሁ» ብቻ ስትል የከረመች ልጅ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች!

«በቃ፣ ዝም!» ልል አፌን ከፈትኩ፤ እኛ ያደግንበት ነዋ። ግን ዋጥኩት። ሾርባው ላይ ዘጭ ብዬ «ናፈቀችሽ አይደል?» አልኳት። ንፍጧን በቀሚሴ እየጠረገች አብረን አለቀስን። ኋላ ጆሮዬ ላይ የተንጠለጠለውን የባሕር አረም አየችና በሳቅ ፈረሰች። መዋዕለ ሕፃናት የገባችው እየዘለለች ነው፤ እኔም ከእሷ ጋር ስዘል ሰው ሁሉ አየኝ!

በቀብሩ ቀን «የኔ ጀግና አታለቅስም» እያልክ ለለቀስተኛው ሁሉ ስታሳያት...
ተወው። ረፍዷል።

ከሰዓት አንተ አምጣት። ካለቀሰች ዝም አታሰኛት፣ አጠገቧ ተቀመጥ። ያንተም እንባ ከመጣ፣ እንደ ልማድህ መታጠቢያ ቤት ገብተህ ቧንቧ አትክፈት። እዚያው ፊቷ አልቅስ።

እህትህ