ምንጣፉ ሥር ያለው ወለል

ለእትዬ ሎርና፤

እንዴት ከረምሽ? ያ ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? ከባሕሩ የሚመጣው ጉምስ ደረትሽን ተወት አደረገው? ክላይድ ከሞተ ወዲህ ብቻሽን የምትበይው እራት ይወርድልሻል? እኛ አለን። ባለቤቴን ጌይልን ሳሏ ለቋታል። በረዶው ዘንድሮ የሚሄድበት አጥቶ እኛው ደጃፍ ተጎልቷል። ደህና ያልሆነው የኔ ፊት ነው፤ የት እንደማደርገው ጠፍቶኛል።

ስልክ ያልደወልኩልሽ ጠልቼሽ አይደለም። አፌን ታውቂዋለሽ። ጥፋቴን ልነግርሽ ጀምሬ አንቺን ጥፋተኛ አድርጌ ነው ስልኩን የምዘጋው። ወረቀት ይሻላል፣ አልጮህበትም።

እኛ የቤታችንን መኪና ማቆሚያ ጋራዥ እናሳምራለን ባዮች የምንጨቃጨቅበት የኢንተርኔት ቡድን ውስጥ ባለፈው ሳምንት የጻፍሽውን አየሁት። እዚያ መግባትሽንም አላውቅም ነበር። ኦርቪል የሚሉት የአዮዋ ሰውዬ ሲዘልፈኝ፣ "ዳሬል ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ዋሽቶኝ አያውቅም። እሱ ባለው መንገድ የባሌን ጋራዥ ወለል ልቀባ ቀለሙን ገዝቻለሁ፣ ሙቀት እየጠበቅኩ ነው" ብለሽ ከነአባት ስምሽ ተሟገትሽልኝ። እትዬ፣ አትቀቢው። እንዳትነኪው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦርቪል ለሰው ሁሉ፣ "ከመቀባታችሁ በፊት ፕላስቲክ ሊሾው ላይ ዘርጉና ዳር ዳሩን በፕላስተር ለጥፋችሁ አሳድሩት፤ ሥሩ ካላበው ሲሚንቶው ከመሬት ውኃ እየሳበ ነው፣ ቀለም አይዝም" ይላል። አነጋገሩ ያቃጥላል። ሁሉን ነገር "እንደገና ላስረዳ" ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ማን አስረዳኝ አለው? እኔ ደግሞ ቀለሙ እንዲይዝ ሊሾውን በአሲድ ማጠብ ብቻ ይበቃል ባይ ነኝ። የማውቀውን ሁሉ ማንም ሳያስተምረኝ በእጄ ያገኘሁ ሰው ነኝ፣ ያ ነው ልቤን ያሳበጠው። "ወለል ነው ወይስ ሕፃን፣ ሽንት ጨርቅ የምታስርለት?" አልኩት። ቡድኑ በሳቅ ፍርስ አለ። ከዚያ ወዲህ ፕላስቲክ የሚል ሰው ሲመጣ "ደሞ ሌላ ሽንት ጨርቅ" ይሉታል። ስንቱ እኔን ሰምቶ አሲዱን ይዞ ተነሳ።

እኔም ቅጠል ሳይረግፍ የራሴን ቀባሁ። እንደ መስታወት አበራ። ፎቶ ለጠፍኩ፣ ተጨበጨበልኝ። ብዙም ሳይቆይ ጌይል ዕቃ ልትገዛ ወጥታ ተመለሰችና መኪናውን አስገብታ አቆመችው። ጠዋት ወደ ኋላ ስታወጣው ወለሉ አብሯት ወጣ። ጎማዎቹ ቀለሜን ተጫምተው ደጅ ላይ ቆሙ። እኔ ፈዝዤ እሷን ሳያት፣ "ምን ታፈጥብኛለህ፣ እኔ ነኝ እንዴ የቀባሁት?" አለችኝ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን የጎማ ምንጣፍ ገዝቼ የተላጠውን ሁሉ ከደንኩት። የበረዶውን ወራት በሙሉ መኪናውን ምንጣፉ ላይ አቁሜ ፎቶ እያነሳሁ "እዩት፣ ንቅንቅ የለም" ስል ከረምኩ። ጌይል ባለፈች ቁጥር "ምንጣፉስ ደህና አደረ?" ትለኛለች።

ያንቺን ጽሑፍ ያነበብኩት እዚያው ምንጣፍ ላይ ቆሜ ነው። ዋሽቶኝ አያውቅም አልሽ። ልጅ ሆኜ አባባ ሲቆጣኝ ከኋላሽ ነበር የምደበቀው፤ ይኸው ፀጉሬ ሸብቶ ደግሞ ስምሽ ሥር ተደብቄ ተገኘሁ። ምንጣፎቹን አነሳሁ። የተላጠውን ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩና "ይህን የቀባሁት በራሴ ምክር ነው፣ ሁሉንም ደብቄያችሁ ነበር፣ ኦርቪል ልክ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ያቺን ከመጻፍ ጥርስ ማስነቀል ይቀላል።

ኦርቪል ምን ቢል ጥሩ ነው? "ሕፃኑ አረጠበው እንዴ?" አለ። ያ ሁሉ ሲያጨበጭብልኝ የነበረ ሰው እየተቀባበለ ሳቀብኝ። ጣቴን በላኝ። ስለ አፉ፣ ስለ ወለሉ፣ አዮዋንም ጨምሬ ረጅም መልስ ጻፍኩ። ጌይል ከጀርባዬ ሆና አነበበችውና፣ "ላከው። እህትህ ደግሞ አንተን አምና ትቀባለች፤ ከዚያ ኦሪገን ሄደህ ወለሏን ስትፍቅ ትከርማለህ" አለችኝ። አጠፋሁት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሰውየው አሁንም ባለጌ ነው እላለሁ። የሚያንገበግበኝ ባለጌ ሆኖ ልክ መሆኑ ነው።

ፖስታው ውስጥ ያለችውን ቁራጭ ቀለም ቆሻሻ መስላሽ እንዳትጥያት። በአንድ በኩል የጎማው ጥርስ ታትሞባታል። ገልብጠሽ በጣትሽ እሺያት፤ ሊሾዬ ተፈርፍሮ አብሮ መጥቷል። ያንቺን ሊሾ ክላይድ በእጁ ነው ያፈሰሰው፣ አሲድ አንዴ ከበላው አይመለስም። የምትጠግኛቸውን ወንበሮች እዚያው ላይ ሥሪ፤ ሳይቀባም ወለል ነው። መቀባት ግድ ካለሽ ፕላስቲኩን ዘርግተሽ አሳድሪው። ስታነሺው ካላበ ለኔ አትደውይልኝ። እዚያው ቡድኑ ውስጥ "ወንድሜ ተሳስቷል" ብለሽ ጻፊ፤ ስትሟገቺልኝ እንዳደረግሽው፣ ከነአባት ስምሽ።

ልጅሽን ቴስን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ እናቷን ጋራዥ ውስጥ ብቻዋን ከባድ ነገር እንዳታስነሳት ንገሪልኝ። ለባሏ ለኮርት ሰላምታዬ ይድረሰው። ለጎረቤትሽ ለወይዘሮ ኢንግሪድ አክብሮቴን ንገሪያት። ያቺን የማትወደኝን ድመትሽንም ልክ ነበርሽ ብሏል በያት። ጌይል በጣም ናፍቀሽኛል ትልሻለች።

ያሳፈረሽ ታናሽ ወንድምሽ፣
ዳሬል

ዱሉት፣ ሚኒሶታ
ማርች 19 ቀን 2023