አልፓካ ፋብሪካ ውስጥ የቆረጥኩት ሻርፕህ

ሙሌዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ዊንተር ገባ። የግሌንዴሉን አፓርትመንት ለቀን ኦሮራ፣ እህቴ ሰፈር ገብተናል። ሶልያናህ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አዲስ አበቀለች፤ ቁመቷ ደረቴ ጋ ደርሷል። ግራጫውን ሻርፕህን ግን ከአንገቷ አታወርደውም፤ ትምህርት ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ አልጋ ውስጥም። ስላንተ ግን አንድ ቃል አትተነፍስም። እኔም እንዳላስለቅሳት ብዬ ስምህን ማንሳት ትቼ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ አልፓካ የሚባለውን አንገተ ረጅም እንስሳ ፀጉር ፈትለው ልብስ የሚሠሩበት ቦታ ወሰድኳት። ክፍል ውስጥ ስለ ሱፍ ተምራ "ማሚ ፕሊስ" እያለች ስትነዘንዘኝ ነበር የሰነበተችው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ትንሽ ፋብሪካ ነው። ያስጎበኙን የፋብሪካው ባለቤት ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ ናቸው። የታጠበውን ፀጉር አስነኩን፤ ከጥጥ ይለሰልሳል። ማበጠሪያው ማሽን ጋ ስንደርስ ወለሉ ላይ የተሰመረውን ቢጫ መስመር እንዳናልፍ አስጠነቀቁን። ጥርስ ያላቸው ትልልቅ ሲሊንደሮች እየተሽከረከሩ ፀጉሩን እንደ ባዘቶ ያወጡታል።

ሶልያና ከመስመሩ ማዶ መሬት የወደቀ ፀጉር ልታነሳ ጎንበስ አለች። የሻርፑ ጫፍ ተንሸራቶ ማሽኑ ውስጥ ገባ።

ሙሌ፣ ምን ልበልህ። ሻርፑ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል። ሲጎትታት ድምፅ እንኳ አላወጣችም፤ ዓይኗ ብቻ ፈጠጠ። ጣቶቼን በአንገቷና በሻርፑ መሃል አስገብቼ ወደ ኋላ ሳብኩ። ሴትዮዋ ሮጠው ማጥፊያውን ተጫኑት፤ ማሽኑ ግን ወዲያው አልቆመም። ጣቶቼ ደነዘዙ። አጠገባችን ጠረጴዛ ላይ መቀስ ነበር፤ በሌላው እጄ ተንጠራርቼ ያዝኩት። ያን ጊዜ ትንሽ አየር አግኝታ ጮኸች።

"ኖ ማሚ! አትቁረጪው! የዳዲ ነው!"

እጄን በሁለት እጇ ይዛ ታገለችኝ። ቆረጥኩት።

ማሽኑ ሲቆም ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን ነበር። አንገቷ ላይ ቀይ መስመር ቀረ እንጂ ደህና ናት። ሴትዮዋ ውሃ ሰጧት። እሷ ግን ፊቷን አዞረችብኝ።

ቤት ደርሰን ፓርክ ካደረግኩ በኋላ ከመኪናው አልወረደችም።

"ማሚ፣ የዳዲን ድምፅ እየረሳሁት ነው" አለችኝ። "ታለቅሺያለሽ ብዬ ነው ያልጠየቅኩሽ።"

ለካ አንዳችን ለአንዳችን ብለን ነው ዝም ያልነው። እንባዬን ሳልጠርግ፣ ኤርፖርት ታክሲህ ውስጥ ተሳፋሪ ስትጠብቅ እየደወልክ "የኔ አለቃ፣ ራት ምን ታዘዘ?" የምትላትን እንዳንተ አድርጌ ልነግራት ሞከርኩ።

"ኖ፣ እንደዛ አይደለም" አለች ቆጣ ብላ። "እሱ ወፈር አድርጎ ነው የሚለው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ይስቃል።" ከዚያ ራሷ አለችው። ሙሌዬ፣ አንተን ነበር የሰማሁት።

አሁን ቤታችን ውስጥ ስምህ ይነሳል። እኔ ስሳሳት እሷ ታርመኛለች። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ስላንተ ዳግመኛ ዝም አልልም።

ያንተው ትዕግስት