ሳልጠይቅህ የመለስክልኝ

ውድ ወንድሜ ችኩሌ፣

ጽሑፌ ተንጋዶ ብታየው አትሳቅብኝ፤ ግራ እጄ ገና ፊደል ቆጣሪ ነው። ስልክ ብደውል ስለማታነሳ ነው የምጽፍልህ። አክስታችን ቤት ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ እንደምትውል ሰምቻለሁ። የምትበላውም በግድ ነው አሉ።

እማዬ ምን አለችኝ መሰለህ? «ማብሪያውን ዘግተኸው ነበር፣ የአውሮፕላኗ ሞተር ሽቦ ተበጥሶ ነው፣ አንተ ጥፋት የለብህም ብለሽ ጻፊለት። ምናልባት እህል ይቀምስልኝ ይሆናል።» እውነቱን ልንገርህ፣ ልጽፈው እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። ግን መካኒኩ ሞተሩን ፈታትቶ አይቶታል፤ ሽቦው ደህና ነው። በውሸት ብጠራህ ደግሞ መጥተህም ዓይን ዓይኔን አታይም።

ያን ጠዋት ማሳው ላይ የተባይ መድኃኒት ከአየር የምንረጭለት ገበሬ ይጠብቀን ነበር። አሮጊቷ አውሮፕላናችን እንደ ወትሮዋ አፍንጫዋ ላይ ያለውን ውልብልቢት በእጅ ካላዞሩላት አትነሳም። አንተ መሪው ጋ ተቀምጠሃል፣ እኔ ውልብልቢቱ ፊት ቆሜያለሁ። መጀመሪያ ሞተሩ ነዳጅ እንዲስብ የማዞረው ማብሪያው ተዘግቶ ነው፤ «ዘጋህ?» የምልህም ለዚሁ ነው። አንተ ግን ከልምድ ብዛት ገና አፌን ሳልከፍት «ዘግቻለሁ!» ትላለህ። እኔም ሁሌ እስቅ ነበር። ያን ቀንም ሳልጠይቅህ መለስክልኝ። አፍህ መለሰ እንጂ እጅህ አልዘጋም። ውልብልቢቱን ሳብ ሳደርገው ሞተሩ ተነሳ። ጎማው ሥር ያለው ታኮ ባይዛት ኖሮ ላዬ ላይ ትወጣ ነበር። እኔም የቀኝ እጄን ሦስት ጣቶች ለውልብልቢቱ ሰጥቼ ተረፍኩ።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ትለን የለ እማዬ? ጣት ግን አይለቀምም።

ተናድጄብሃለሁ። የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተኝ፣ እማዬ እንደ ሕፃን ጸጉሬን ስታበጥርልኝ፣ ስምህን እየጠራሁ እራገማለሁ። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ሆስፒታል ስነቃ አጠገቤ አለመኖርህ ነው። አንተን ነበር የፈለግኩት። ነርሷ «ወንድምሽ በሩ ድረስ መጥቶ ተመለሰ» አለችኝ። ለጣቶቼ ይቅር ብዬሃለሁ። ለመሸሽህ ግን ገና ነው፤ እሱን እዚሁ መጥተህ ታስጨርሰኛለህ።

ና፣ ወንድሜ። በሩን አንኳኳና ቁም። «ማነው?» እስክልህ ጠብቀኝ። ከዚያ መልስልኝ።

በግራ እጇ የምትጽፍልህ፣
እህትህ