ሦስተኛ ወገን

ውድ የወንድሜ ሚስት፣

በስልክ «ደህና ነሽ?»፣ «ደህና» ከመባባል በቀር በወጉ ሳናወራ ዓመት ከመንፈቅ አለፈን። ዛሬ ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩት ድፍረት አግኝቼ እንዳይመስልሽ። ግራ ቢገባኝ ነው። ግራ ያጋባኝን ነገር ከአንቺ በቀር የሚፈታልኝ ሰው አጣሁ፤ አንቺ ደግሞ ጭራሽ ልጠይቅሽ የማይገባኝ ሰው ነሽ።

ነገሩ የመጣው በድረ ገጽ ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት የተሰፋ ልብስ የሚሸጥ ትልቅ መደብር ከተከፈተ ወዲህ ወደ እኔ የሚመጣው ሰው ሁሉ ዚፕ አስቀያሪና ሱሪ አሳጣሪ ሆነ። ስለዚህ ሩቅ ያሉ ሴቶች ልካቸውን ራሳቸው ለክተው የሚልኩበት፣ እኔም ሰፍቼ የምልክበት ትንሽ ድረ ገጽ ላሠራ ወሰንኩ። ሠሪውን በዓይኔ አላየሁትም፣ በስልክ ብቻ ነው የምንነጋገረው፤ ግን ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ሁሉን ካበቃ በኋላ፣ «እትዬ፣ የግላዊነት መመሪያ ይጻፉልኝና እከፍተዋለሁ» አለኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ከሰው ምን መረጃ እንደሚወስዱ፣ ለምን እንደሚወስዱት፣ ለማን እንደሚያሳዩት፣ መቼ እንደሚያጠፉት የሚናገር ጽሑፍ ነው። ሰው የሰውነቱን ልክ የሚልክበት ገጽ ያለዚህ አይከፈትም። ከሌሎች አይተው የራስዎን ያዘጋጁ።»

እኔም ጫማ ከሚሸጥ ድረ ገጽ ላይ አንዱን አገኘሁና ቁጭ ብዬ በእጄ ገለበጥኩት። ግማሹን አልተረዳሁትም። «ኩኪስ እንጠቀማለን» ይላል። ታውቂኛለሽ፣ ጨርቅ ቅባት እንዳይነካው ብዬ ሱቅ ውስጥ ሻይ እንኳን አላስገባም። ሰረዝኩትና «እዚህ ምንም አይበላም» ብዬ ጻፍኩ። ሳነብለት ሠሪው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ስልኩን ዘጋው። መልሶ ደውሎ ብስኩት ሳይሆን ገጹ የጎበኘውን ሰው የሚያስታውስበት ምልክት መሆኑን አስረዳኝ፤ አሁንም በደንብ አልገባኝም።

ከዚያ ዝቅ ብሎ «መረጃዎን ለሦስተኛ ወገን ልናጋራ እንችላለን» ይላል።

«ሦስተኛ ወገን ማነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ከእርስዎና ከደንበኛዋ ውጪ ያለ ሰው ሁሉ።»

«የደንበኛዋ ባልስ?»

«እሱም።»

«ባሏ የሰፊዋ ወንድም ቢሆንስ?»

«እትዬ፣ ወንድምዎም ቢሆን ሦስተኛ ወገን ነው።»

«እናትስ?»

«እናትም ናት።»

ደህና ዋል ብዬ ዘጋሁ። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

መቼም አልረሳሽውም። ለመሥሪያ ቤትሽ ግብዣ ግራጫውን ቀሚስ እየሰፋሁልሽ ነበር። መጀመሪያ ስለካሽ ወገብሽ ሰባ አራት ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ልትሞክሪው ስትመጪ ሰባ ሰባት። ወገብ ብቻ ቢሆን ምግብ ተስማምቷት ነው እል ነበር። ደረትሽም ጨምሯል፣ ዳሌሽ ግን ያው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሴት የለካ ሰው ይህን ለማንበብ መነጽር አያስፈልገውም። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያየን። «ሜትርሽ ተሳስቶ ይሆናል፣ እታለም» አልሽኝ ፈገግ ብለሽ። እኔም ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ወይስ ልመና ነበር? ድምፅሽን ስንት ጊዜ በሐሳቤ እንደሰማሁት አልነግርሽም፤ እስከ ዛሬ አልለይ ብሎኛል።

እሁድ ምሳ ላይ ሁላችንም እማዬ ቤት ተሰብስበን፣ ወንድሜን «ከሚስትህ ቀጥዬ የምሰፋው ለሕፃን ነው፤ ከወዲሁ ተዘጋጅ» አልኩት። ማንኪያው እጁ ላይ ቀረ። ወደ አንቺ ዞሮ «እውነት ነው?» አለሽ። ያኔ ነው እሱም እንደማያውቅ የገባኝ። አንቺ ሳህንሽን እያየሽ «ገና ነው፣ ሐኪምም አላየኝ» አልሽ። እማዬ ተነስታ ጉንጭሽን እያገላበጠች ሳመችሽ። ሳይመሽ ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

በሃያኛው ቀን ጨነገፈብሽ። ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ እንዲሁ እንደሆነብሽ፣ ያኔ ለወንድሜ እንኳን ሳትነግሪ ለብቻሽ እንደቻልሽው የሰማሁት ከሁሉ በኋላ ነው። እርግዝናሽን የነገርናቸው ሰዎች ግን መጨንገፉን አልሰሙም ነበር። በርሽን እያንኳኩ «እንዴት ይዞሻል?» ሲሉሽ ለእያንዳንዳቸው ደጃፍ ላይ ቆመሽ አስረዳሽ። አንዷማ በእጇ የሠራችውን ትንሽ ካልሲ ይዛ መጣች። ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ ካልሲውን ተቀብለሽ ስታመሰግኛት ሰማሁ። በሩን ዘግተሽ ስትመለሺ፣ «እታለም፣ እኔ ልብስ ላሰፋ እንጂ ልነግርሽ አልመጣሁም ነበር» አልሽኝ። አልጮህሽብኝም። ብትጮሂብኝ ይሻለኝ ነበር።

ወንድሜ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ስትሄዱም መንገዳችሁን የመረጠው ሥራው ይሁን እኔ አልጠየቅሁም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ለራሴ ብዙ ጊዜ ተከራክሬያለሁ። ለደስታ ብዬ ነው፣ ቤተሰብ ነን፣ ክፉ አላሰብኩም እላለሁ። ሁሉም እውነት ነው። ግን ያን ወረቀት ፊቴ አስቀምጬ «መረጃውን ከማን ወሰድሽ? ለምን? ለማን ሰጠሽ?» እያልኩ አንድ በአንድ ስመልስ፣ «ለደስታ» የሚለውን የምጽፍበት መስመር አጣሁ። የገለበጥኩትን ጣልኩና ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፍኩ፤ «ልክዎን የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ከልክዎ ላይ ያነበብኩትን ለባልም፣ ለእናትም፣ ለማንም አልናገርም። ልብሱ ልክ መሆኑን ሲነግሩኝ ቁጥሮቹን አጠፋለሁ።» ሠሪው «‹ያነበብኩትን› የሚል መመሪያ በሥራ ዘመኔ አላየሁም» አለኝ። ተወው ይቀመጥ አልኩት።

ያንቺን ልክ የያዘውን ቅጠል ከደብተሬ ቀድጄ ከዚህ ጋር አድርጌልሻለሁ። ቅጂ አላስቀረሁም። የተናገርኩት ያንቺ ነበር፣ የኔ አልነበረም። ይቅር በይኝ። መልስ ባትጽፊልኝም አልቀየምም።

እታለም


ሦስተኛ ገጽ

እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር፤ ዋናው ግራ መጋባት ግን ገና ነው።

ገጹ በተከፈተ በአምስተኛው ሳምንት አንድ ትእዛዝ መጣ። በስም ቦታ «ደንበኛ» ይላል። ቀሚሱ በከተማችሁ ዕቃ መላኪያ ቢሮ እንዲቀመጥላት ትፈልጋለች። እዚያ የሚቀበሉ ሌሎች ሁለት ደንበኞች አሉኝ፣ ስለዚህ ምንም አልጠረጠርኩም። ወገብ ዘጠና አንድ። ከታች፣ «ጎንና ጎኑ በኋላ የሚለቀቅ ትርፍ ይኑረው። ግራ ትከሻ ላይ ስስ ስፖንጅ ይግባበት» ይላል።

ግራ ትከሻው ዝቅ የሚል ሰው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ይህን ለራሴ አሥር ጊዜ ነገርኩት። ግን ስንት ሴት ናት የገዛ ትከሻዋ ዝቅ ማለቱን የምታውቅ? አንቺም ያወቅሽው እኔ ነግሬሽ ነው። አንቺ ከሆንሽ ስምሽን ለምን ደበቅሽ? ከደበቅሽስ ትከሻሽን ለምን ነገርሽኝ? ረስተሽው ነው? ወይስ ያን መመሪያ አንብበሽ ቃሌን እንደምጠብቅ ልታዪ ፈለግሽ? ወይስ ከእኔ የተሻለ ሰፊ ስላጣሽ ብቻ ነው? እያንዳንዱ ጥያቄ ሌላ ይወልዳል፤ አንዱንም መጠየቅ አልችልም።

ጨርቁን ቆረጥኩ። በየጎኑ አራት አራት ጣት ትርፍ አስገባሁ። እማዬ መጥታ ስፌት መኪናው ላይ አየችው።

«የማን ነው?»

«የደንበኛ።»

«ይሄ ወገብ የነፍሰ ጡር ነው» አለች ጨርቁን ዘርግታ።

«እኔ የምሰፋው ልብሱን ነው፣ እማዬ።»

«ድሮ ምንም አትደብቂኝም ነበር» ብላ አኩርፋ ወጣች። እስከ ማታ አላናገረችኝም። ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ እንደመለስኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ደስታ አፍ ውስጥ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ቀሚሱን ላክሁ። ዛሬ ጠዋት መልስ መጣ፤ «ልክ ነው። አመሰግናለሁ።» ሌላ ቃል የለውም። አሥር ደቂቃ ያህል ቁጥሮቹን ስመለከት ቆየሁ። እነሱ ከሄዱ በየትኛው ወር እንዳለሽ የምቆጥርበት፣ ደህና መሆንሽን የምገምትበት ነገር አይኖረኝም። ከዚያ «አጥፋ» የሚለውን ነካሁ። ኮምፒውተሩ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። አልነበርኩም። «አዎ» አልኩ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ነገ ፖስታ ቤት እወስዳቸዋለሁ። ይህኛው እኔው ጋር ይቆያል። አንቺ ራስሽ እስክትነግሪኝ ድረስ እኔ ምንም አላውቅም።